«ለበጎ ነው» እና ሁለት ኪሎ ብርቱካን

እግሬ የተሰበረው ማክሰኞ ማታ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ለምን እንደተሰበረ የሚያስረዱኝ አሥራ አንድ ሰዎች አልጋዬን ከብበው ነበር።

ሐኪሙ እንኳ እንዲህ አልተራቀቀም። ራጁን ወደ መብራቱ አንሥቶ «ሁለት ቦታ ነው፤ ስድስት ሳምንት ጀሶ» አለና ወደሚቀጥለው ታካሚ ዞረ። ጠያቂዎቼ ግን ራጁ ላይ ያልወጣውን ሁሉ አዩልኝ።

አክስቴ ሁለት ኪሎ ብርቱካናቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለበጎ ነው!» አሉ። በጎነቱንም እዚያው ዘረዘሩልኝ። ሐሙስ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ልሄድ አልነበር? መንገድ ላይ መኪናው ሊገለበጥ ነበር፤ ፈጣሪ እግሬን ለነፍሴ ቤዛ አደረገልኝ። ሐሙስ ዕለት ባልደረቦቼ ሐዋሳ በሰላም ገቡ። ሐይቁ ዳር ከተጠበሰ ዓሣ ጋር የተነሡትን ፎቶም ላኩልኝ። ለአክስቴ አላሳየኋቸውም። መኪናው አለመገልበጡ የሚያሳዝናቸው መሰለኝ።

የመሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ጀሶውን በቅናት እየዳበሰ «እግዜር እንዴት ቢወድህ ነው!» አለኝ። እርሱ ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድም አጥንቱ ተሰንጥቆ አያውቅም፤ ይህም ለነፍሱ ሥጋት ሆኖበታል። የወደቅሁበት ደረጃ እዚያው እንዳለ፣ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ሊሞክረው እንደሚችል ልነግረው አፌ ላይ ከደረሰ በኋላ ዋጥኩት። አንዷ ዓይን ነው አለች። አንዱ ጀሶው ተቀድዶ ወጌሻ እንዲጠራ አሳሰበ። ሌላው ወንበሩን አስጠግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ምን አድርገህ ነው?» ሲለኝ ንስሐዬን ሊቀበል የመጣ ነበር የሚመስለው። በምክንያቱ አልተስማሙም፤ ሲወጡ በር ላይ ያሉት ግን አንድ ነው፤ «ለበጎ ነው»።

እውነቱን ከጠየቃችሁኝ እግሬን የሰበረው ሃምሳ ብር ነው።

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ፎቅ መካከል ያለው አምፖል ከተቃጠለ ሦስት ወር አልፎት ነበር። ኮሚቴው ለአምፖልና ለገመድ መቀየሪያ ከየቤቱ 50 ብር ጠየቀ። እኔ ስብሰባው ላይ እጄን አውጥቼ፣ የአምናው መዋጮ ደረሰኝ ሳይቀርብ አንዲት ሳንቲም እንደማልከፍል በመርህ ደረጃ አስረዳሁ። ተጨበጨበልኝ። ከዚያ በኋላ ማንም አልከፈለም። ማክሰኞ ማታ መርሄን ይዤ በጨለማ ደረጃውን ስወርድ አንዱን እርከን ሳትኩት።

ይህን ለጠያቂዎቼ አልተናገርኩም። «ፈተና ነው» ሲሉኝ ዓይኔን ወደ ጣሪያው እያነሣሁ «አዎ፣ ፈተና ነው» እል ነበር። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ በጥፋቱ የሚቀጣውንና ስለ እምነቱ መከራ የሚቀበለውን ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። በራሳቸው ጥፋት መከራ ከሚያገኛቸው ሰዎች መካከልም ነፍሰ ገዳዩንና ሌባውን ጠርቶ፣ በሰው ጉዳይ የሚገባውን ሰው አብሮ ይቆጥረዋል። ስለ አምፖል ያነሣው ነገር የለም። ቢያነሣ ኖሮ ከማን ጋር እንደሚመድበኝ አውቃለሁ።

እኛ ዘንድ ግን ፈተና የማይባል ነገር ጠፍቷል። ባለፈው ዓመት ከመርካቶ ወደ ፒያሳ በሚኒባስ ስወጣ ሾፌሩ አራት ሰው ትርፍ ጭኖ ትራፊክ ያዘው። ክሱን ተቀብሎ ወደ መሪው ሲመለስ በረዥሙ ተነፈሰና «ክርስቲያን ስትሆን ጠላት መቼ ያስተኛሃል!» አለን። ተሳፋሪው ከንፈር መጠጠለት፤ እግሩን ሰብስቦ በሰው ጭን ላይ የተቀመጠው ትርፉ ተሳፋሪ ሳይቀር። መኪናው በቀስታ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ የታየን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነበር። ለወራሪው አልገዛም ብለው፣ አርበኞቹን ከማውገዝ ሞትን መርጠው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በጣሊያን ጥይት የተገደሉት ጳጳስ። አቡኑና ሾፌሩ ያንኑ ቃል ነው የሚጋሩት፤ መከራ። አንድ ቃል ይህን ያህል ትርፍ ሲጫንበት የሚከስስ ትራፊክ የለም።

ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ወይ ፊልም ያያል ወይ መጽሐፈ ኢዮብን ያነባል። እኔ የኢንተርኔት ጥቅሌ ሲያልቅ ወደ ኢዮብ ሄድኩ። የንስሐ አባቴ ጠበል ይዘው በመጡ ጊዜ «ኢዮብን አንብብ» ብለውኝ ነበር፤ እኔን ከኢዮብ ጋር ያመሳሰሉኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የጀመርኩት።

ያስደነቁኝ ግን ጠያቂዎቹ ናቸው። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ከየአገራቸው ተጠራርተው መጥተው፣ ወዳጃቸውን ሲያዩት አልቅሰው፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰባት ቀን! የእኛ ሰው ሰባት ደቂቃ ዝም ካለ የተጣላ ነው የሚመስለው። ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሦስቱን ሰዎች የሚያህል ጠያቂ በምድር ላይ አይገኝም ነበር። ምን ያደርጋል፣ ከሰባቱ ቀን በኋላ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበሉ ያን የቆሰለ ሰው ለምን እንደቆሰለ አስረዱት። የተናገሩትን አንድ በአንድ ብታዩት እኮ መጥፎ ስብከት አይደለም፤ አንዳንዱ ቆንጆ ነው። መጨረሻው ላይ ግን እግዚአብሔር በሦስቱም ተቆጣ። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ ሄደው መሥዋዕት እንዲያቀርቡ፣ እርሱም እንዲጸልይላቸው አዘዘ። የወይፈንን የዛሬ ዋጋ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ቅጣት አይደለም። የእኔዎቹ በሁለት ኪሎ ብርቱካን ነው ያመለጡት።

«ዮሴፍስ?» ትሉኝ ይሆናል። አክስቴም ብለውኛል። ወንድሞቹ ሸጠውት፣ ግብፅ ወርዶ፣ ታስሮ፣ ከዚያ ገዥ ሆኖ፣ ክፋታቸውን እግዚአብሔር ወደ በጎ እንደለወጠው ለራሳቸው አልነገራቸውም? ነግሯቸዋል። እኔ የተረፈ ብዙ ጊዜ ስለነበረኝ ዕድሜውን ደመርኩት። ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነው። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው፣ ከረሃቡም ሁለቱ ሄደው ለወንድሞቹ ራሱን ሲገልጥ 39። እግዚአብሔር ሕይወት ለማዳን ከእነርሱ በፊት እንደላከው የነገራቸው ያኔ ነው፤ ከጉድጓዱ 22 ዓመት በኋላ። ክፋታቸውን ከበጎው ጎን አቁሞ የነገራቸው ደግሞ አባቱ ያዕቆብ ከሞተ በኋላ ሲሆን፣ ያኔ ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ገደማ ደርሷል።

የተናገረውም ዮሴፍ ነው። ወንድሞቹ እርሱን ጉድጓድ ውስጥ ጥለው እንጀራ ሊበሉ እንደተቀመጡ መጽሐፉ ይናገራል። እስቲ ከመካከላቸው አንዱ ጉርሻውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ «ዮሴፍ! አይዞህ፣ ለበጎ ነው!» ሲል አስቡት። እኔን ጠይቀው ሲወጡ ሊፍት የሌለውን ሕንፃ እያማረሩ የወረዱትን አስታወሰኝ።

ለነገሩ የዚህ አባባላችን አባት ጳውሎስ ነው። ሮሜ ምዕራፍ 8 ቁጥር 28 በየታክሲው የኋላ መስታወት ላይ ተለጥፎ ታዩታላችሁ፤ ስለ እነማን እንደተነገረ የሚገልጸው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቀሱ ውጭ ይቀራል። የጻፈውን ሰው ደግሞ ጨርሶ ረስተነዋል። ጳውሎስ በሌላ መልእክቱ ላይ ራሱ እንደቆጠረው ከአይሁድ አምስት ጊዜ አርባ ሲጎድል አንድ ተገርፏል፤ 195 ጅራፍ መሆኑ ነው። ሦስት ጊዜ በበትር ተመትቷል፣ አንድ ጊዜ በድንጋይ ተወግሯል፣ ሦስት ጊዜ መርከቡ ተሰብሮበታል፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ባሕር ላይ አድሯል። እንዲህ ያለ ሰው «ለበጎ ነው» ቢለኝ ጀሶዬን ይዤ አጨበጭብለታለሁ። በሰው ቁስል እንጨት አልሰደደም፤ የራሱን ጀርባ እያሳየ ነው የተናገረው።

ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍም እስር ላይ ነው። ውጭ ያሉ ተቀናቃኞቹ ደግሞ እስራቱን ሊያከብዱበት በቅናት ይሰብካሉ። ሰውየው ምን አገኘበት? ሰንሰለቱን የሚጠብቁት ወታደሮች ስለ ማን እንደታሰረ ሰሙ፤ ተቀናቃኞቹም ቢሆኑ ክርስቶስን ሰበኩ። በቃው፤ ደስ አለው። በጎውን ያየው ሰንሰለቱ በታሰረበት በኩል ሆኖ ነው።

የምወድለት ግን ይህን አይደለም። እዚያችው ፊልጵስዩስ ከተማ ቀድሞ ሲታሰር፣ ከነቁስሉ እግሩ በግንድ ተጠርቆ እኩለ ሌሊት ላይ ከሲላስ ጋር ይዘምር ነበር። ሲነጋ ሹማምንቱ «ልቀቋቸው» ብለው ላኩ። እኛ ብንሆን «ተመስገን፣ ለበጎ ነበር» ብለን በጓሮ በር እንወጣ ነበር። ጳውሎስ እምቢ አለ። የሮም ዜጎች ሆነን ሳለ ሳይፈረድብን በአደባባይ ደብድበውን በስውር ያስወጡናል? ራሳቸው ይምጡና ያውጡን አለ። መጡም፤ ለመኑትም። ማታ የዘመረውና ጠዋት መብቱን የጠየቀው ያው ሰው ነው።

ይህን ሳነብ ማኅደሩ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጠፋበት ስምንት ወር የሆነው ወዳጄ ትዝ አለኝ። በየሳምንቱ ይሄዳል፤ «አልተገኘም» ይሉታል፤ «ለበጎ ነው» ብሎ ይመለሳል። በእርሱ እምነት ከመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የበለጠ የተጽናና ሰው ያለ አይመስለኝም።

በሁለተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ መጡ። ሲገቡ ሳያቸው አንሶላውን እስከ አንገቴ ሳብኩት። ምክንያት ነበረኝ።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ውጤቱ ሲወጣ አገሩ በሙሉ ሲጽናና ሰነበተ። የእትዬ የመጨረሻ ልጅም ከብዙኃኑ ጋር ነበር። በዚያ ሰሞን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው አብጦ ነበር። ዳቦ ይዤ እየወጣሁ ነበርና ሳልቆም «ለበጎ ነው፣ እትዬ!» ብዬ አለፍኩ። እንዲያውም ሁለት ሁለት እርከን እየዘለልኩ። እግር ነበረኝ ያኔ።

እንግዲህ ብድራቸውን ሊመልሱ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አጥሚቱን ከፔርሙሱ ቀድተው ሰጡኝ። ተቀመጡ። ዝም አሉ። ጠጥቼ ጨረስኩ፤ ዝም። ዝምታቸው ስላስጨነቀኝ እኔው ጀመርኩላቸው።

«መቼም ለበጎ ነው፣ እትዬ።»

«ያምሃል?»

«በጣም።»

«ያማል» አሉ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። እስከዚያ ቀን ያማል ያለኝ ሰው አልነበረም።

እትዬ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናቸው። በዚያ ከሰዓት ወሬ ወሬን ሲያነሣ ስለ ልጅነታቸው አጫወቱኝ። ጥር 1974 ደርግ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲዘጋና መሪዎቹን ሲያስር አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አምልኮው ወደ ሳሎን ገባ። አምስት ስድስት ሆነው፣ አንድ አንድ እያሉ ገብተው፣ አንድ አንድ እያሉ ይወጡ ነበር። ቀበሌ ቢመጣ ቡና ጠጪ እንዲመስሉ ረከቦቱ ይዘረጋል። መዝሙሩ በከንፈር ብቻ ነው፤ ጭብጨባውም ሁለት ጣት በመዳፍ። አንድ ጊዜ በሩ ሲንኳኳ የቤቱ እመቤት ከድንጋጤ የተነሣ ከባዶ ጀበና እየቀዱ ለእንግዳው እንደሰጡት እየሳቁ ነገሩኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ምእመናኑ 5,000 ገደማ እንደነበሩ፣ ደርግ በ1983 ወድቆ ሲከፈት ደግሞ 34,000 ገደማ ሆነው እንደወጡ አንብቤ ስለነበር፣ አገኘሁት ብዬ ተነሣሁ።

«ታዲያ ለበጎ ነበራ፣ እትዬ!»

«አሁን ቆጥረህ ነዋ» አሉኝ። «ያኔ የምንቆጥረው የታሰረውን ነበር።»

ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸው ፈገግ አሉ። ለካ እኔ በተኛሁበት ሰሞን ከሰፈራችን አንድ የጸሎት አዳራሽ በሌሊት የሚለቀቀውን ድምፅ ማጉያ ሰው ወረዳ ድረስ ሄዶ ከስሶ፣ አገልጋዮቹም «ስደት ተነሣብን» ብለው ጾም ጸሎት አውጀዋል። (የእኛም ደብር በዚህ አይታማም፤ ድምፅ ማጉያችን አራት አቅጣጫ ነው፤ ቀንስ ያለን ሁሉ መናፍቅ ነው።) እትዬ አዳራሹን በአገጫቸው እየጠቆሙ «እኛ በከንፈራችን ስንዘምር ጌታ ይሰማን ነበር። አሁን ጆሮውን ምን ነካው?» አሉ።

በአራተኛው ሳምንት መተላለፊያው ላይ መሰላል ሲቆም ሰማሁ። በክራንች ወጥቼ ሳይ የእትዬ ልጅ አምፖሉን እየቀየረ ነው። ፈተናውን ከወደቀ በኋላ የኤሌክትሪክ ሙያ ተምሮ፣ ዛሬ የራሱ ደንበኞች አሉት። ገመዱንም በአዲስ ቀየረው። መብራቱ ቦግ ሲል የሳትኳት እርከን ወለል ብላ ታየችኝ፤ ምንም የላትም፣ እንደ ሌሎቹ ናት። ልጁን ስንት ነው ብለው የእቃውን ብቻ ጠየቀኝ፤ ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሬ፣ ልጃቸው ባይወድቅ ኖሮ ይህ ሙያ፣ ይህ አምፖል፣ ይህ ሁሉ… እያልኩ ልቀጥል ስል በእጃቸው አስቆሙኝ።

«እርሱ ይበለው» አሉ።

ልጁ መሰላሉን እያጠፈ ሰምቷል። ምንም አላለም።

አምፖሉ ዘጠኝ ቀን አበራ። በአሥረኛው ቀን ተሰረቀ። ያን ዕለት ማታ በር ላይ ቆሜ ነፋስ ስቀበል ከታች የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ ከዚያ የመንሸራተት ድምፅ፤ ከዚያ «እናቴ!» የሚል ጩኸት። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበሩ። ያ ቃል ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬን አልፎ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ጥርሴን ገጥሜ መለስኩት። ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እንደ ኤልፋዝ፣ እንደ በልዳዶስ፣ እንደ ሶፋር፣ እላይኛው እርከን ላይ ተቀመጥኩና በጨለማው ውስጥ አብሬያቸው ዝም አልኩ።

«ማነው እዚያ ላይ?» አሉ ሊቀ መንበሩ ከታች። «ምን ዝም ብለህ ትቀመጣለህ? ሰው ጥራ እንጂ!»